ረጅም የክሩዝ ጉዞ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የምጠየቃቸው ጥያቄዎች

የደሴ ልጅ ነኝ፤ ክሩዝ መርከብ ላይ ካቢን አጽጂ ሆኜ እሠራለሁ፤ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ቡና ላይም ታክሲ ውስጥም የምጠየቀውን እዚህ መልሻለሁ።

ክሩዝ ምን ዓይነት መርከብ ነው? ኮንቴይነር ከሚያመጣው ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የምናያቸውን ኮንቴይነሮች ጅቡቲ ድረስ የሚያመጣቸው የጭነት መርከብ ነው። እሱ ላይ ያሉት ሠራተኞች ከሃያ ብዙም አይበልጡም። ክሩዝ ሰው ለመዝናናት የሚሳፈርበት ነው። መኝታው፣ ምግብ ቤቱ፣ የዋና ገንዳው፣ ቲያትር ቤቱ፣ ሱቁ፣ ክሊኒኩ ሁሉም እላዩ ላይ አለ። ሆቴሉ ከነእንግዳው ይሄዳል ማለት ነው።

ትልቅነቱን ለመገመት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ይረዝማል። ጢም ብሎ ሲሞላ 7,600 እንግዳ ይይዛል፤ ሠራተኛው 2,350 ነው። እኔ የምሠራበት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ለረጅም ጉዞ በብዛት የሚመረጡት መለስተኞቹ ናቸው፤ ግዙፎቹን የማያስገባ ወደብ ብዙ ነው።

ረጅም ጉዞ ሲባል ስንት ቀን ነው?

አብዛኛው ክሩዝ ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ዓለምን የሚዞረው ግን መቶ ቀን ያልፋል፤ መቶ ሠላሳም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከማያሚ የተነሳ አንድ ጉዞ 274 ሌሊት ነበር። ሁሉም እንግዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቆይም። አንዳንዱ ሲድኒ ላይ ይሳፈርና ሲንጋፖር ላይ ይወርዳል።

እኛ ሠራተኞቹ ግን በውል ነን። የሆቴሉ ክፍል ሠራተኛ ውል ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው። እንግዳው ሲወርድ አንሶላ ቀይረን ሌላ እንቀበላለን። መሬት ሳናይ የምንቆይበት ረጅሙ ጊዜ ፓስፊክ ላይ ነው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ቀን ውሃ ብቻ። ወፍ እንኳ የለም።

ማዕበሉስ? አያቅለሸልሽም?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጠመዝማዛው ሐረጎ ላይ ያቅለሸልሻችኋል? እንግዲያው ባሕር ላይም ሊያቅለሸልሻችሁ ይችላል። ምክንያቱ አንድ ነው። ዓይናችሁ ካቢኑን አይቶ “ቆሜያለሁ” ይላል። ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ “እየተወዛወዝኩ ነው” ይላል። አንጎል በመሃል ይምታታበታል፤ ዕዳውን ሆድ ይከፍላል። ሐረጎ ላይ ሹፌሩ የማያቅለሸልሸው መንገዱን አስቀድሞ ስለሚያይ ነው። መርከብ ላይም መድኃኒቱ ይኸው ነው። ወደ ውጭ ውጡና ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር እዩ። ስልክ አትዩ። ሆድ ባዶ አይሁን፤ ደረቅ ዳቦ፣ ዝንጅብል፣ አረንጓዴ ፖም ይረዳል። ኪኒንም አለ፤ ግን ሳይጀምራችሁ በፊት ነው የሚዋጠው። ካቢን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ መሃል ላይና ታችኛው ፎቅ ይሁን። በሁለት ሦስት ቀን ሰውነት ይለምዳል፤ አብሽሩ።

መርከቡ ራሱም ይከላከላል። በሁለቱም ጎኑ፣ ከውሃ በታች፣ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጋ ብረት አለው። ወዲያና ወዲህ መንገዋለሉን በጣም ይቀንሰዋል። ሙሉ በሙሉ ግን አያቆመውም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ መካከል፣ ታዝማን ባሕር ላይ፣ አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጆቹ የጠረጴዛ ጨርቁን ውሃ እያርከፈከፉ ሲያርሱት አየሁ። የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። ለካ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሳህን አይንሸራተትም! እኛ ደግሞ በየኮሪደሩ የእጅ መደገፊያ ላይ የማስመለሻ ከረጢት እየሰካን ሄድን። እኩለ ሌሊት ላይ ከረጢቶቹ አልቀው ነበር።

ሰው መቶ ቀን ሙሉ መርከብ ላይ ምን ሲሠራ ይውላል?

እንግዶቹ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉን ካልሞከርን ይላሉ። ከዚያ ሰፈር ይመሠርታሉ። ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ያቺን ወንበር ነው የሚይዘው። ሌላዋ ጠዋት ጠዋት በእግሯ መርከቡን ትዞራለች። ከሰዓት በኋላ ካርታ የሚጫወቱት አራቱ አይለያዩም። የኛ ሰፈር ሰው ደጅ ላይ እንደሚያመሸው ነው። እኩለ ቀን ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ የት እንዳለን፣ የነፋሱን ሁኔታ፣ ከሥራችን ያለውን የውሃ ጥልቀት ይናገራል። መጀመሪያ “4,000 ሜትር” ሲል ስሰማ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ያን ከፍታ ወደታች አስቡትና አንድ ሺህ አምስት መቶ ጨምሩበት።

እኛ እንሠራለን። ጠዋት ካቢን እናጸዳለን፣ ማታ ተመልሰን አልጋ እናነጥፋለን። ቅዳሜ እሑድ የለም። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ይገባችኋል ይላል። ገልብጣችሁ ብታሰሉት ሥራው ስንት እንደሆነ ይገባችኋል። ፎጣ አጣጥፌ ዝሆንና ዝንጀሮ እሠራለሁ፤ አልጋው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ዝሆኑ ሁለት ፎጣ ይፈልጋል። አንዱ ለእግሩ፣ አንዱ ለጭንቅላቱና ለኩምቢው። የእህቴ ልጆች ቤት ውስጥ አንድም ፎጣ አላስተረፉም፤ ሁሉንም ዝሆን አድርገውታል።

የሚጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? ቆሻሻውስ የት ይገባል?

ውሃው አብዛኛው እዚያው ይሠራል። የባሕሩ ውሃ ተፈልቶ ይተነናል፤ ጨው አብሮ ስለማይተን ንጹሑ ተጠራቅሞ ይወሰዳል። ወይም በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ጨው ጨው አይልም።

ቆሻሻው ይለያል። ፕላስቲክ ባሕር ላይ መጣል በዓለም አቀፍ ሕግ ፈጽሞ ክልክል ነው። የመጸዳጃው ፍሳሽ እዚያው ተጣርቶ ነው የሚለቀቀው። እኔ ራሴ ከየካቢኑ የማወጣውን እየለየሁ ነው የምሰጠው፤ ባትሪ ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ። ቦርከና ወንዝ ውስጥ የሚጣለውን ላስቲክ ሳይ አሁን የምናደደው ይህን ስለለመድኩ ነው።

ሰዓቱንና ቀኑን እንዴት ነው የምትቆጥሩት?

ወደ ምዕራብ ስንሄድ በየጥቂት ቀኑ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንመልሳለን። ያ ቀን 25 ሰዓት ይሆናል፤ እንቅልፍ እናተርፋለን። ወደ ምሥራቅ ሲሆን ግን አንድ ሰዓት ይወሰድብናል። ሠራተኛው ሁሉ ምዕራብን ይወዳል። ፓስፊክ መሃል ላይ ደግሞ የቀን መለወጫው መስመር አለ። ወደ ምዕራብ ስንሻገር ማክሰኞ ማታ ተኝተን ሐሙስ ጠዋት ተነሳን። ረቡዕ የለም። ልደቱ ረቡዕ የነበረ አንድ እንግዳ ስለነበር ወጥ ቤቱ ኬኩን ማክሰኞ አወጣለት።

እናቴ “ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውይ” ስትለኝ ሁለት ጊዜ ነው የማሰላው። አንደኛ ያ በፈረንጅ 8 ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ታሂቲ ላይ ብንሆን ከኢትዮጵያ 13 ሰዓት ወደ ኋላ ነን። ስለዚህ ለሷ ማታ ሲሆን ለኔ የዚያው ቀን ጠዋት ነው። እሷ እራት አቅርባ እኔ ገና ለሥራ ቀሚሴን እየቆለፍኩ እናወራለን።

ምን ትበያለሽ? እንጀራና ቡናስ?

እንጀራ የለም። የሠራተኛው ምግብ ቤት ሩዝ ነው፤ ጠዋትም ማታም። ኢትዮጵያውያን በጣት የምንቆጠር ነን፤ የሚበዙት ፊሊፒኖች፣ ኢንዶኔዢያዎችና ሕንዶች ናቸው። የሕንዶቹ ምስር ወጥ ለኛ ክክ ይቀርባል፤ እሱን እየበላሁ ነው የከረምኩት። ከቤት የምይዘው ትንሽ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ቡና ነው። ምን እንደሚፈቀድ አስቀድማችሁ ኩባንያውን ጠይቁ። በተለይ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ላይ ምግብ ይዛችሁ ሳታስመዘግቡ አትውረዱ፤ ቅጣቱ ከባድ ነው።

ቡና ማፍላት ከባድ ነው። ከሰል የለም፣ ዕጣን የለም፣ ሻማ እንኳ የለም። ካቢን ውስጥ ካውያ መሰካት ክልክል ነው። መርከብ ላይ ከማዕበል በላይ የሚፈራው እሳት ነው። የቆላሁትንና የወቀጥኩትን ይዤ እሄዳለሁ። ከምግብ ቤት በፔርሙስ የፈላ ውሃ አመጣለሁ፤ ቡናውን እጨምርበትና እስኪሰክን እጠብቃለሁ። ጀበና እንደማይሆን አውቃለሁ። አብራኝ የምትኖረው ፊሊፒናዊት ግን ሽታው ሲደርሳት ከላይኛው አልጋ ትወርዳለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚለውን ነግሬያት ነበር። አሁን ሁለተኛውን ጠጥተን ልነሳ ስል ስኒዋን ትዘረጋለች። “በረካ” ትላለች፣ ረ-ዋን ጥብቅ አድርጋ።

ሶላትና ጾም ይቻላል?

ይቻላል። ቂብላው፣ ማለትም ስንሰግድ የምንዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ግን እንደ ቤት አንድ ቦታ አይደለም። መርከቡ በዞረ ቁጥር ይዞራል። ካቢኑ ቴሌቪዥን ላይ መርከቡ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ቻናል አለ። እሱን አይቼ፣ ስልኬ ላይ ካለው ኮምፓስ ጋር አስተያይቼ እሰግዳለሁ። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ከመካ ጋር ፍጹም ተቃራኒ የሆነው የምድር ነጥብ ፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ውስጥ፣ ፓስፊክ ላይ ነው። እዚያች ነጥብ ላይ የቆመ ሰው በየትም ቢዞር መካ እኩል ይርቀዋል። በዚያ አካባቢ ስናልፍ አንድ ኢንዶኔዢያዊ ባልደረባዬ ይህን ነገረኝና ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ቀረሁ።

ሙሳፊር፣ ማለትም መንገደኛ፣ የረመዳን ጾሙን አዘግይቶ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። ብዙዎቹ ኢንዶኔዢያውያን ግን ይጾማሉ። ወጥ ቤቱም ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት የሚበላ፣ ምግብ ያስቀምጥላቸዋል። የራሳችሁን ጉዳይ ከመሄዳችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ። የእናቴ ወገኖች ክርስቲያን ናቸውና የአክስቴ ልጅም ስለ ዐቢይ ጾም ጠይቃኛለች። አትክልት፣ ሩዝ፣ ምስር በየቀኑ አለ። ሾርባና ዳቦ ውስጥ ግን ቅቤና ወተት ሊገባ ይችላል፤ ማብሰያው ጋ ሄዶ መጠየቅ ነው። ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል።

ስልክ ይሠራል?

በሳተላይት ኢንተርኔት ይሠራል። ሠራተኛው ፓኬጅ ይገዛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዝቅ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች ከመጡ በጣም ተሻሽሏል፤ ቪዲዮም ይሄዳል። ይቆራረጣል ግን። ሁለት ቀን ካልደወልኩ አትደንግጡ ብዬ ነው ከቤት የምወጣው።

ሰው ቢታመምስ? ቢሞትስ? ባሕር ውስጥ ነው የምትጥሉት?

የመጨረሻውን አያቴ ናት የጠየቀችኝ፣ እጄን ይዛ። አንጥልም። ክሊኒኩ ሐኪምና ነርሶች፣ ራጅና ላቦራቶሪ አለው። ከባድ ቀዶ ጥገና ግን አይሠራም። የባሰ ነገር ሲመጣ ካፒቴኑ አቅጣጫ ቀይሮ ወደ ቅርቡ ወደብ ይሄዳል፤ መሬት ቅርብ ከሆነ ሄሊኮፕተር ይጠራል። ውቅያኖስ መሃል ላይ ሄሊኮፕተር አይደርስም። እንግዳ የሚታከመው በራሱ ወጪ ነው፤ ውድም ነው፤ ያለ ኢንሹራንስ መሳፈር ትልቅ ስህተት ነው። ሠራተኛ በውሉ ዘመን ሲታመም ሕክምናው በኩባንያው ነው።

ረጅም ጉዞ ላይ የሚሳፈሩት በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ሞትም ያጋጥማል። የአስከሬን ማቆያ ማቀዝቀዣ አለ። ከቤተሰብና ከኤምባሲ ጋር ተነጋግረው ወደ አገሩ ይልኩታል። እኔ የማጸዳው ካቢን ውስጥ የነበሩ ሰውዬ በጉዞው አጋማሽ አረፉ። ሚስትየው አልወረዱም። “ቤት ማን አለኝ?” አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ጋሪዬን ይዤ ስደርስ በሩን ከፍተው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ከእንግዳ ጋር መቀመጥ አይፈቀድልንም። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ቆሞ ይወጣል እንዴ? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት እንደማይለይ፣ ምግብ ከየቤቱ እንደሚመጣ፣ ሐዘንተኛ ብቻውን እንደማያድር ነገርኳቸው። ሩብ ሰዓት ያህል። ሁለት ካቢን ወደ ኋላ ቀረሁ። አለቃዬ ምክንያቱን ስነግራት ምንም አላለችኝም። አንዱን ካቢን ራሷ ጨረሰችልኝ።

ቢሰምጥስ? ዋና አልችልም እኮ።

መርከብ ከወደብ ሳይነሳ እንግዳው ሁሉ መሰብሰቢያውን እንዲያውቅ ይደረጋል። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም የጥሩምባ ድምፅ ከሰማችሁ ወደዚያ መሄድ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በሰው ሕይወት የመጣ ነው። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሰምጥ የነፍስ አድን ጀልባው ለሁሉም አይበቃም ነበር። በ1914 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት ወጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ደግሞ ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ዳርቻ ላይ ከአለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሞቱ። አዲስ የተሳፈሩት ገና ልምምድ አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው ሲነሳ እንዲሆን ተደረገ።

ሠራተኛ ሆናችሁ ስትገቡ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ እርዳታና ባሕር ላይ በሕይወት መቆየት ትማራላችሁ። ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ ገንዳ ውስጥ ትገባላችሁ። ዋና ባልችልም አለፍኩት፤ ጃኬቱ ያንሳፍፋል። በአደጋ ጊዜ ካቢን አጽጂ የለም። የኔ ቦታ ደረጃ ላይ ቆሞ ሰው መምራት ነው። እንግዳ ልምምዱን ሲያፌዝበት ማየት እስከ ዛሬ ያመኛል።

በኛ ባሕር በኩል ታልፋላችሁ?

በመጀመሪያው ውሌ አልፈናል። ስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 የተከፈተ፣ 193 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው። ከዚያ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ወርዶ በባብ ኤል መንደብ ይወጣል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ግን መርከቦች ላይ በሚደርሰው ጥቃት ምክንያት የክሩዝ ኩባንያዎች መንገዱን ተዉት። አፍሪካን ዞረው በደቡብ አፍሪካ በኩል መሄድ ጀመሩ። ብዙ ቀን ይጨምራል።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ፣ እስከ 1990 ዓ.ም.፣ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ይመላለስ ነበር። ባሕርን መጀመሪያ የሰማሁት ከሱ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ሆኜ ስደውልለት “በየት በኩል ነን?” አለኝ፤ “ነሽ” አላለም። “አፍሪካ በቀኜ ነው” አልኩት። አሰብን አላየኋትም፤ ስናልፍ ሌሊት ነበር። በቀኝ በኩል ያለ ጨለማ ብቻ ነው ያየሁት። እሱ ግን ስልኩን ሳይዘጋ ቆየ።

ሴት ልጅ ብቻዋን እንዲህ ያለ ቦታ መሥራት ደኅና ነው?

እናቶች ይህን ሲጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ምን እንደሚታሰብም አውቃለሁ። ካቢን የምንጋራው ሴት ከሴት ጋር ነው። ኮሪደሩ ሁሉ ካሜራ አለው፤ ጥበቃ ሌት ተቀን አለ። ከእንግዳ ጋር ግንኙነት የጀመረ ሠራተኛ ከሥራ ይባረራል። እኔ አረብ አገር ሰው ቤት ተዘግተው የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። ከነሱ ጋር ሳወዳድረው ምስክር አለኝ፤ በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ ሰው ነው።

ፈተና የለም ግን አልልም። የሚያስቸግር እንግዳም፣ የሚያስቸግር አለቃም ያጋጥማል። ያን ጊዜ ዝም አትበሉ፤ በዚያው ቀን በጽሑፍ አመልክቱ። ካቢን ስታጸዱ በሩ ክፍት ይሁን፣ ጋሪው በሩ ላይ ይቁም። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ነው የተማርኩት። አሁን ለአዳዲሶቹ መጀመሪያ የምነግራቸው እሱን ነው።

እንዴት ልቀጠር? አንድ ሰው ብር ክፈይና እልክሻለሁ ብሎኛል።

አትክፈሉ። ይህችን አንዷን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ሥራ ለማስቀጠር ከሠራተኛ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። ከእናንተ ኪስ ሊወጣ የሚችለው የጤና ምርመራው፣ የባሕረኛ ደብተሩና የፓስፖርቱ ወጪ ነው። የቪዛው በመርከቡ ባለቤት ነው። “ለመመዝገቢያ”፣ “ለዋስትና”፣ “ለቪዛ ማፋጠኛ” የሚል ሰው መርከብ የለውም።

ይህን የምለው ተበልቼ ስለማውቅ ነው። ደሴ ላይ አንድ ደላላ በስልኩ የነጭ መርከብ ፎቶ አሳየኝ። “ሁለት ወር ሠርተሽ ካናዳ ትወርጃለሽ” አለኝ። እናቴ የአንገት ወርቋን ሸጠች። ሰውዬው ስልኩን ዘጋ፣ ቢሮውም ተለቀቀ። በኋላ ዱባይ ሆቴል ውስጥ አራት ዓመት ሠራሁ። የሥራ ልምዱንና እንግሊዝኛውን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከዚያ ኩባንያው ራሱ ድረ ገጽ ላይ አመለከትኩ። በቪዲዮ ጠየቁኝ፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ሰጡኝ፤ ውሉ በስሜ መጣ። አንድ ብር ሳልከፍል። የእናቴን ወርቅ በሁለተኛው ውሌ መልሼ ገዛሁላት፤ ያው ግን አይደለም፣ ያኛው የአያቴ ነበር።

ኩባንያው የሚፈልገው የሆቴል ልምድ፣ የሚያግባባ እንግሊዝኛና ጤና ነው። ሆቴል ሳትሠሩ በቀጥታ ለመግባት ከባድ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ጥሩ ሆቴሎች አሉ፤ እዚያ ጀምሩ። ኢንጂነሪንግ የተማራችሁ ደግሞ መንገዳችሁ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የማሪታይም አካዳሚ አለ፤ ለንግድ መርከብ ያሠለጥናል።

ደመወዙ ጥሩ ነው?

ለካቢን አጽጂ ዋናው ቲፕ ነው፤ ስለዚህ ወር ከወር ይለያያል። የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ስለሌለ የሚተርፈው የራስ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ላይ ሦስት ነገር እዩ፤ መሠረታዊው ክፍያ ስንት ነው፣ ቲፑ የተረጋገጠ ነው ወይስ የሚገመት፣ መሄጃና መመለሻ ቲኬቱን ማን ይችላል። የማይገባችሁን አስተርጉሙ።

ወደብ ላይ ወርዶ እዚያው መቅረትስ?

ይህን ጥያቄ ወንዶቹ ናቸው በጆሮዬ የሚሉኝ። አላፍርባችሁም፣ አልፈርድባችሁምም። አገር ቤት ያለውን እኔም አውቀዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። የሠራተኛ ፓስፖርት መርከቡ ቢሮ ነው የሚቀመጠው። አሜሪካ የሚገባው በመርከበኛ ቪዛ ሲሆን፣ በዚያ ቪዛ የገባ ሰው ወደ ሌላ ቪዛ መቀየር አይችልም። የጠፋ ሰው ያለ ወረቀት ነው የሚቀረው። ወደ ባሕር ሥራ አይመለስም። የሚከተለውን ደግሞ ዓይቻለሁ። አንድ ልጅ ከጠፋ በኋላ የዚያ አገር ልጆች በየወደቡ ለመውረድ ፈቃድ አጡ። መርከብ ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን ብቻ ከሆናችሁ፣ የአንዳችሁ ሥራ የሌላችሁ ዋስ ነው።

ገብቼ ሐሳቤን ብቀይር መውጣት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ውሉ ላይ አለ፣ በባሕር ሠራተኞች ስምምነቱ ግን ከሰባት ቀን ማነስ አይችልም። ከባድ የቤተሰብ ሐዘን ሲያጋጥም በአጭር ማስታወቂያም ይፈቀዳል። ውላችሁ ሲያልቅ ወይም ስትታመሙ መመለሻው በኩባንያው ነው። በቃኝ ብላችሁ መሃል ላይ ስትወጡ ግን ቲኬቱ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችሁ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደመወዛችሁ ላይ የመመለሻ ትኬት የሚሆን አስቀምጡ፤ ለሌላ ነገር አትንኩት።

እኔ በመጀመሪያው ውሌ፣ በሦስተኛው ወር፣ ልመለስ ነበር። አረፋ ነበርና ቤት ሁሉ ተሰብስቦ ደወሉልኝ። ስልኩን በየተራ ተቀባበሉት። ስዘጋው ማመልከቻውን ጻፍኩ። ለአለቃዬ ላቀርብ ስሄድ “ነገ ጠዋት አምጪው፤ አሁን አልቀበልሽም” አለችኝ። እሷም በመጀመሪያ ዓመቷ ሁለት ጊዜ ጽፋ ቀዳዋለች። ጠዋት 14 ካቢን ነበረብኝ። ማመልከቻው እስከ ዛሬ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ አለ፤ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን እሰጠው ይሆናል። የመመለሻ ገንዘቡም አለ።